ክትባትና የደም ምስክሮች

ክትባት የሚለው ቃል መጻፍ ከሚለው «ከተበ» የመጣ ስለሆነ፥ እንደ እኔ ላለ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ደስ የሚያሰኝ ቃል ነው። አስትራዜኔካ የተባለው የኮሮና ክትባት ወደ አገራችን የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፥ ልኩም 2.2 ሚሊዮን ነበረ። መጋቢት 4 ቀን፥ ማለት የመጀመሪያው በሽተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ፥ ሕዝቡን መክተብ ተጀመረ። በኋላም ሲኖፋርም፥ ጆንሰንና ፋይዘር ተከታትለው መጡ።

በእኛም ቤተ ሰብ ክርክር የተነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። እኔ በዲማ አስትራዜኔካን፥ ባለቤቴ ጆንሰንን፥ በአዲስ አበባ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ፋይዘርን ተከተብን። ወንድሜ ደሙን አስመርምሮ፥ አንቲቦዲ የተባለው የደም ዘበኛ ቍጥሩ እጅግ ከፍ ማለቱን በስልክ ነገረን። ከሰባ ዓመት ያለፈችው እናታችን ይህን ሰምታ፥ «እንግዲያው ለባላገር የተላከው ደካማው ነዋ! የልጄ ዓይነት እስኪመጣ እጠብቃለሁ» ብላ ክንዷን በነጠላዋ ሸፈነች። በዚያን ጊዜ በሽታው ገና ሽማግሌዎችን ይወስድ ነበርና ነገሩ ለጨዋታ አልነበረም።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ወንድሜ አልዋሸም። ሲኖፋርም የተገደለውን ቫይረስ እንዳለ ያስገባል። አስትራዜኔካና ጆንሰን የኮሮናን እሾህ አሠራር የሚናገረውን ጽሑፍ እንዳይራባ በተደረገ በሌላ ቫይረስ ጭነው ይልካሉ፤ ፋይዘር ግን መልእክቱን ብቻ በቅባት ጠቅልሎ ይሰድዳል። ሊቃውንት ደም ቀድተው ሲያመዛዝኑም በአንቲቦዲ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ፋይዘር ይበልጣል፤ አስትራዜኔካ ይከተላል፤ ሲኖፋርምና አንድ ጊዜ ብቻ የተወጋ ጆንሰን ዝቅ ይላሉ።

ነገር ግን የፋይዘሩ ቍጥር በወራት ውስጥ ፈጥኖ ይወርዳል፤ የጆንሰን ዝቅ ብሎ ቢጀምርም ለወራት ብዙ ሳይናወጥ ይቆያል። ደግሞም በተራ ምርመራ የማይቈጠሩ፥ ጠላትን የሚያስታውሱና የታመመውን ሕዋስ የሚያጠፉ ሌሎች የደም ወታደሮች አሉ። በችሎት ምስክሮቹ ወደ ቤታቸው ቢሄዱም ቃላቸው በመዝገብ ይቀራል፤ ሁለተኛ ጠብ ሲነሣ መዝገቡ ይወጣል። ከጽኑ ሕመምና ከሞት በማዳን ረገድ በክትባቶቹ መካከል ያለው ልዩነት የአንቲቦዲያቸውን ቍጥር ያህል አልሰፋም።

እናቴን ያሳመናት ግን ይህ ሁሉ ትንታኔ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 በተደረገ ምርመራ፥ አስትራዜኔካን ወስደው ፋይዘርን የደገሙ ሰዎች አስትራዜኔካን ሁለት ጊዜ ከወሰዱት ይልቅ ብዙ አንቲቦዲ ማፍራታቸውን ብነግራት፥ «መደባለቅ ከተፈቀደ ለምን እጠብቃለሁ?» አለችና በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዳ የተገኘውን ጆንሰን ተወጋች። ወንድሜ ቍጥሯን እንድታስመረምር ቢለምናት እስከ ዛሬ እሺ አላለችም።