ከቁልቁለቱ ስንተርፍ

ሰው ከመኪና አደጋ ሲተርፍ «ቀኑ አልደረሰም» ይባላል። እውነት ነው፤ አጀል በአላህ (ሱ.ወ.) እጅ ነው። ነገር ግን ይህ አባባል ጥያቄን ሁሉ መዝጊያ ሲሆን ይከነክነኛል። በምን ሰበብ ልንሞት እንደነበረና በምን ሰበብ እንደተረፍን ማሰብም ከሹክር የሚቆጠር ይመስለኛል።

በ1996 ዓ.ም. ከጋሸና ወደ ላሊበላ በአንድ አሮጌ ላንድሮቨር እንጓዝ ነበር። ያኔ ጠጠር የነበረው መንገድ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከደጋው ተነስቶ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የሹምሸሃ ሜዳ ይወርዳል። ቁልቁለቱን ስናጋምስ ሾፌሩ ፍሬን ቢረግጥ ፔዳሉ ወለል ነካ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። ከገደሉ ይሻላል ብሎ ወደ ተራራው ጠመዘዛት። ከድንጋይ ጋር ተላትማ በጎኗ ወደቀች። ከጎኔ የነበረው መንገደኛ ወደ አኺራ ሄደ፤ እኔ እግሬ ተሰብሮ ተረፍኩ፤ አልሐምዱሊላህ።

ከማሳቸው ሮጠው የደረሱት ገበሬዎች ሃይማኖታችንን አልጠየቁም። የቅሬያቸውን ቃሬዛ አመጡ። በወሎ በብዙ ቦታ ቅሬ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በኀዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ያ ቃሬዛ እኔን ለሐኪም አድርሶ፣ ተመልሶ ሟቹን ተሸከመ።

ኋላ አንድ መካኒክ ምክንያቱን አስረዳኝ። የፍሬን ዘይት በቆየ ቁጥር ከአየር እርጥበት ይስባል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሳያቋርጡ ሲረግጡ ሙቀቱ ዘይቱን ያፈላዋል፤ እንፋሎቱ ግፊቱን ስለሚበላው ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የመኪናዋ የኋላ ወንበርም ቀበቶ አልነበረውም። የቮልቮ መሐንዲስ የነበረው ኒልስ ቦሊን ደረትንና ወገብን የሚይዘውን ቀበቶ የሠራው ግን በ1959 እ.ኤ.አ. ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመልን አስሮ በአላህ መመካትን አስተምረውናል። የዛሬዋ ግመል መኪና ናት። ማሰሪያዋም ዘይቷን በጊዜው መለወጥ፣ ቁልቁለትን በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ፣ ቀበቶን ማሰር ነው። እነዚህን አሟልቶ የሚሞት ይኖራል፤ ጥሎ የሚተርፍም ይኖራል። እኛ የምንጠየቀው ግን ስለ አጀላችን ሳይሆን ስለ አማናችን ነው።

ልጆቻችሁን ስታሳፍሩ የጉዞ ዱዓውን አስተምሯቸው፤ ሾፌሩንም «ፍሬኑ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቢቆጣም ቁጣው ያልፋል።