የሐምሌ ሒሳብ

ደመወዝተኛ ወር መግባቱን የሚያውቀው ከባንክ በሚደርሰው መልእክት ነው። እኔ የማውቀው ከአከራዬ ነው። ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ የትርጉም ሥራ በግሌ ከጀመርኩ ወዲህ፣ ወሩ ሲያልቅ እትዬ በረንዳው ላይ ብቅ ይላሉ። ጨዋ ሰው ናቸውና ኪራይ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም።

«ወሩ እንዴት ሮጠ ልጄ?»

«ሮጠ እትዬ።»

«ይሁና! ዋናው ጤና ነው» ብለው ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ ደብተሬን ከመግለጥ ሌላ ምርጫ የለኝም።

ደብተሬ ሦስት ዓምድ አለው፤ የገባ፣ የወጣ፣ ሊገባ ያለ። የሐምሌን ገጽ ስገልጥ የወጣው ዓምድ ለመሙላት አልተቸገረም። ኪራይ፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ ዕድር፣ ታክሲ። አንድ ያልለየለት ወጪ አለ። ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔን ታቅፌ ካፌ እሄድና በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ። ይህ ማኪያቶ ምግብ ነው ወይስ የቢሮ ኪራይ? አስተናጋጇ የቢሮ ኪራይ እንደሆነ በዓይኗ ትነግረኛለች። በገባው ዓምድ ሥር ያለችው ግን አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸውን ለቪዛ ያስተረጎሙ ባልና ሚስት እጅ በእጅ የከፈሉኝ። እግዜር ትዳራቸውን ይባርክ።

ሐምሌ እንዲህ የከሳው ሰኔ ስለወፈረ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብም ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ያንቀላፋ የሥልጠና ሰነድ ሰኔ ላይ ድንገት ይባንናል። «ለነገ ጠዋት ይደርስልናል?» የሚል ስልክ ከየአቅጣጫው ይደወላል። ገበሬው በሚዘራበት ወር እኔ አጭዳለሁ። እሱ አዲሱ እህል እስኪደርስ ሐምሌንና ነሐሴን እየቆጠበ እንደሚሻገር እኔም እንደዚያው እሻገራለሁ። ልዩነታችን እሱ ያጨደውን ጎተራ ማስገባቱ ነው። የእኔ አዝመራ ፋይናንስ ክፍል ነው የሚከርመው።

በሦስተኛው ዓምድ አናት ላይ የተቀመጠው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ማኑዋሉን በሰኔ መጨረሻ ሌሊቱን ሙሉ ተርጉሜ አስረከብኩ። ሐምሌ ሲገባ ክፍያዬን ልጠይቅ ሄድኩ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ጣቷን ውኃ በያዘ ስፖንጅ ላይ ነካ እያደረገች የወረቀቱን ክምር ገለጠችና ደረሰኜን አወጣችው።

«ማኅተሙ ፊርማው ላይ አርፏል» አለችኝ። «ኦዲተር አይቀበለውም።»

ማኅተሙ ከፊርማው ራቅ ብሎ ያረፈበት ሌላ ደረሰኝ ይዤ ተመለስኩ።

«ቫውቸሩ ተሠርቷል። ፈራሚው መስክ ናቸው።»

«ሲመለሱስ?»

«ሲመለሱ እንግዲህ እኔ የዓመት ፈቃድ እወጣለሁ።»

ወርን ጠብቆ ሒሳብ መዝጋት ከየት እንደመጣ ማሰላሰል የጀመርኩት እዚያው ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆኜ ነው። ጊዜ ነበረኝ። በእኛ አገር የወር ደመወዝ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ከዚያ በፊት የአገልግሎት ዋጋ ጉልት፣ ማደሪያ፣ ቀለብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ከሾሙ በኋላ ቢሮ እየበዛ ሲሄድ ነው ወርሃዊው ክፍያ ቀስ በቀስ ሥር የያዘው።

ወሩ ራሱ ግን ሩቅ አገር ሄዶ ነው የሚገኘው። አሥራ ሁለቱን ባለ 30 ቀን ወራት ከነጳጉሜናቸው ያገኘነው በእስክንድርያ በኩል ከጥንት ግብፆች ነው። በዚያ አቆጣጠር ከሚከፈላቸው ሰዎች መካከል ዛሬ ዴር ኤል መዲና በሚባለው መንደር ይኖሩ የነበሩት ባለሙያዎች ይገኙበታል፤ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚሥሉ ናቸው። ደመወዛቸው በየወሩ የሚሰፈር እህል ነበር፤ ስንዴው ለዳቦ፣ ገብሱ ለጠላ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ ራምሴስ ሣልሳዊ በነገሠ በ29ኛው ዓመት እህሉ ዘገየ። ሰዎቹ መሣሪያቸውን ጥለው ወጡና ከአንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ ተቀመጡ። ተርበናል፣ ልብስ የለንም፣ ዓሣም አትክልትም የለንም አሉ። ነገሩን የመዘገበው ፓፒረስ ዛሬ ጣሊያን፣ ቶሪኖ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ በጽሑፍ ከሚታወቁት የሥራ ማቆም አድማዎች የመጀመሪያው ይባላል። የወር ክፍያና የክፍያ መዘግየት እንግዲህ መንታ ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሳቡኝ ግን እነዚያው ባለሙያዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚይዙት የግል ሥራ ነው። ለጎረቤት የሬሳ ሣጥን ይሠራሉ፣ ይቀባሉ። ዋጋው በመዳብ ክብደት ይተመንና በእህል፣ በጨርቅ፣ በፍየል ይከፈላል። ወረቀት የሚባል ነገር ስለሌለና ፓፒረስም ስለሚወደድ፣ ማን ምን እንዳለበት የሚጽፉት ከመሬት ባነሡት የኖራ ድንጋይ ስባሪ ላይ ነው። ከነዚህ ድንጋዮች አንዱ የሜናን ጉዳይ ይዟል። ሜና ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ለፖሊስ አዛዡ ለሜንትሞሴ አንድ ማሰሮ ስብ በዱቤ ሰጠው። አዛዡ በገብስ እከፍልሃለሁ አለ፤ ዋስም ጠራ። አልከፈለም። ሜና ሦስት ጊዜ ከሰሰው፤ ምንም። ፈርዖን ሞቶ ሌላ ነገሠ፤ ምንም። ስቡን ከሰጠ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ሜና እንደገና ሲከሰው አዛዡ ማለ፦ እስከሚመጣው ወር የመጨረሻ ቀን ድረስ ባልከፍል መቶ ልገረፍ፣ ዕዳውንም እጥፍ ልክፈል አለ።

የወር መጨረሻ! ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላም «ወሩ ይለቅና»! ያ ድንጋይ ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ደብተር ሦስተኛ ዓምድ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ማንም አይለያቸውም። ብቻ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ መቶ ልገረፍ ብሎ የሚምል አላጋጠመኝም። የሚያጋጥመው ሲስተም የለም የሚል ነው።

የወሩ ባለቤት እንግዲህ ሰፍሮ የሚሰጠው ነው። እኔ የሚሰፈርልኝ ሳይኖር በሰው ወር ሒሳብ እዘጋለሁ። ሰፋሪ የሌላት፣ ለየት ያለች አንዲት ወር ግን አለች፤ ጳጉሜን። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ ከጨረቃ ጋር ሰሌዳ ዘርግቶ ተጫውቶ ከብርሃኗ እየቆረሰ አምስቱን ቀኖቿን ያሸነፈላት አንድ አምላክ ነው፤ ግብፆቹ ቶት የሚሉት፣ የጽሕፈትና የስሌት አምላክ፣ የጸሐፊዎች ጠባቂ። ከአሥራ ሦስቱ መካከል በቁማር የተገኘች፣ ያውም በእኛ ሙያ ሰው! ዛሬም የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜን ተብሎ የሚከፈለው የለም፤ አከራይም የጳጉሜን ኪራይ አይጠይቅም። ባንክ የሚሠራው ጎረቤቴ «እንዴት አድርገው ያለ ደመወዝ ይህን ሁሉ ቀን ያሻግሩናል?» እያለ ሲያማርር ከልቤ እያዘንኩ አዳምጠዋለሁ።

ትናንት ፋይናንስ ክፍል ደወልኩ። ፈራሚው ከመስክ ተመልሰዋል፤ ስልኩንም ያነሡት ራሳቸው ናቸው። ሥራዬን አመሰገኑ፣ ማኅተሙም አሁን ጥሩ ቦታ ላይ ማረፉን ነገሩኝ፤ ክፍያው ከጳጉሜን አያልፍም አሉ። የየትኛው ዓመት ጳጉሜን እንደሆነ ግን አልጠየቅኋቸውም።