ኢንደሚክ ሁሉ ብርቅዬ አይደለም

ጎንደር ውስጥ «ኢንደሚክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል አዘውትረው የሚጠሩት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ እንግዳ ይዞ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር የሚወጣው አስጎብኚ ነው፤ ሌላው ነጭ ጋዋን የለበሰው የሕክምና ተማሪ። አስጎብኚው ሲናገረው በኩራት ነው፤ ተማሪው የሚያወራው ግን ስለ በሽታ ነው። ከግሪክ የመጣው ይህ ቃል ለሁለቱም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ የዚህ አካባቢ የሆነ፣ እዚሁ የሚኖር።

እኛ ግን የአስጎብኚውን «ብርቅዬ» ብለን ተረጎምነውና ነገሩ ተምታታ። ብርቅዬ ያልነው ሁሉ ጥቂትና ውድ ይመስለናል። ኢንደሚክ ስለ ብዛት አይናገርም፤ የት እንደሚገኝ ብቻ ነው የሚነግረን።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ያም ሆኖ በሰሜን ተራሮች ላይ በመቶዎች ሆኖ ሣር ሲነጭ ታዩታላችሁ፤ መንዝ ጓሳም፣ ደብረ ሊባኖስም አለ። ቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከሰሜን ቢሆንም ዛሬ በብዛት ያለው ባሌ ነው፤ በአገሪቱ በሙሉ ያሉት አዋቂዎቹ ግን 500 እንኳ አይሞሉም። ዋልያ ደግሞ ከሰሜን ተራሮች ሌላ መጠጊያ የለውም። እዚህ ካለቀ ከዓለም አለቀ ማለት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በቅርስነት የመዘገበውን የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ያስገባው አንዱ ምክንያት የዋልያ መመናመን ነበር፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ሦስቱንም በአንድ «ብርቅዬ» ጠቅልለን ስናልፍ፣ ከሁሉ ይልቅ ልንሳሳለት የሚገባው ዋልያ ከብዙዎች እንደ አንዱ ይቆጠራል። ይህ ያሳዝነኛል።

ወደ ሕክምና ተማሪው ልመለስ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት ሲጀመር ከኋላው የደምቢያ መከራ ነበር። ከዓመት በፊት ወባ የደምቢያን ሜዳ አጥለቅልቆ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል። ያ ግን ኢንደሚክ ሳይሆን ወረርሽኝ ነበር። ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው። ወባ ሁልጊዜ በማይገኝበት ወይናደጋ የሰው ሰውነት በሽታውን አልለመደውም፤ ዝናቡና ሙቀቱ ተመቻችቶ ትንኟ የበዛች ዓመት ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ይጥላል። መተማ ቆላ ላይ ደግሞ በሽታው ነዋሪ ነው፤ በየዓመቱ ይመጣል፣ ሰውም ይለምደዋል። እኔ የምፈራው ይህን መልመድ ነው። «የቆላ በሽታ ነው» ብለን ስናልፈው ከሰው ጋር የተፈጠረ አስመስለነዋል። በአጎበር፣ በኬሚካል ርጭትና በፈጣን ምርመራ ሊገታ የሚችል በሽታ መሆኑን እንረሳለን።

ካላዛር የሚሉት በሽታ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። መተማና ሁመራ የበሽታው መኖሪያ ናቸው። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ወጣት በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር የምትራባ ደቃቅ ዝንብ ትነክሰውና ሕመሙን ተሸክሞ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊቦ ከምከም ላይ የተነሳው ወረርሽኝ የአንዱ አካባቢ ነዋሪ በሽታ በሌላው ምን እንደሚያደርግ አሳይቶናል።

ስለዚህ አስጎብኚዎችና መምህራን ሆይ፣ ስለ ዋልያ ስትናገሩ «ብርቅዬ» ላይ አትቁሙ፤ «ከዚህ ተራራ ውጭ የለም» በሉ። ከአጨዳ የተመለሰ ወንድም ያላችሁም አደራ፦ ትኩሳት ከያዘው ሳትውሉ ሳታድሩ የወባ ምርመራ ይደረግለት። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳና ጣፊያው ካበጠ ደግሞ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ቆላ ወርዶ እንደነበር ለባለሙያው ንገሩ። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን መድኃኒት አለው።