ከመሠረት እስከ ጣራ

ቤት መሥራት ለሰው ልጅ ከመጠለያነት ያለፈ ትርጉም አለው። ሰው ግድግዳውን ሲያቆም ዕውቀቱን፣ የኑሮ ደረጃውንና ከጎረቤቱ ጋር ያለውን ግንኙነት አብሮ ያቆማል። ስለዚህም የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከመጻሕፍቱ ባልተናነሰ ቤቶቹን ቢመለከት ብዙ ትምህርት ያገኛል።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረችው ዲላ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከከተማይቱ በላይ ባለው የጌዴኦ ደጋ ለብዙ ዘመን ቤት የተሠራው በቀርከሃ ነው። ቀርከሃው ተሰንጥቆ ይጎነጎናል፤ ጣራው ሣር ይለብሳል፤ እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች ዙሪያውን ከበው ከነፋስ ይጋርዱታል። እንዲህ ያለውን ቤት አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ጎረቤት ተጠራርቶ ይቆርጣል፣ ይሸከማል፣ ያቆማል፤ ባለቤቱም በተራው ለሌላው ይደርሳል። ሰውና ተክል ተደጋግፈው የኖሩበት ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

በከተማው ግን የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃና የቆርቆሮ ክዳን የቤት መለያ ሆኑ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ወደ ሊዝ ቢለወጥም የደመወዝተኛው ጥያቄ አልተለወጠም፤ ቦታ ከተገኘ በኋላ ቤቱ በምን ይቆማል?

አንድ የዲላ መምህር ይህን ጥያቄ በብሎኬትና በአርማታ ሊመልስ ቆረጠ። በደጋ የሚኖሩት አባቱ በሰሙ ጊዜ፦

«ልጄ፣ ቀርከሃ ሲበሰብስ ጎረቤት ይደርሳል፤ ይህ ድንጋይህ ሲሰነጠቅ ማንን ትጠራለህ?» አሉት።

«አባዬ፣ እንዳይሰነጠቅ አድርጌ ነው የምሠራው» ሲል መለሰ። መልሱ ኩራት ነበረበት፤ ጥያቄው ግን ሥራው እስኪያልቅ አልተለየውም።

የአርማታ ቤት በገንዘብ የሚገዛ እንጂ ከጓሮ የሚቆረጥ አይደለምና። ሲሚንቶና ብረት ከሩቅ ይመጣሉ፤ ግንበኛው የቀን ሒሳቡን ይጠይቃል። ሰማዩም ቢሆን ፋታ አይሰጥም። የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ይጀምራል፤ የክረምቱም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ለግንባታ የሚመቸው ደረቅ ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ቡና የሚለቀምበትና እጅ ሁሉ ወደ ቡናው የሚሄድበት ጊዜ ነው። ገንዘብ በሚገኝበት ወራት ሠራተኛ ይጠፋል፤ ሠራተኛ በሚገኝበት ወራት ዝናቡ ይወርዳል።

መምህሩ ሥራውን በሦስት በጋ ከፈለው። ቦታው ተዳፋት በመሆኑ በመጀመሪያው በጋ ከሁሉ አስቀድሞ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ተቆፈረ፤ ቀጥሎ የድንጋዩ መሠረት፣ በላዩም ብረት የተዘረጋበት የአርማታ መቀነት ሆነ። በሁለተኛው ብሎኬቱ በቱንቢና በሲባጎ እየተለካ ተደረደረ። ከግድግዳው ጫፍ ላይ ዙሪያውን የሚያስር ሌላ መቀነት ፈሰሰ፤ ዲላ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ናትና፣ ምድር ብትናወጥ አራቱ ግድግዳዎች እንደ አንድ አካል እንዲቆሙ ነው።

ስለ አርማታ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። አርማታ የሚጠነክረው ፀሐይ ስላደረቀው ሳይሆን ሲሚንቶው ከውኃ ጋር ስለሚዋሐድ ነው። ስለዚህ ሲቦካ ውኃ ይቆጠብበታል፤ ከፈሰሰና ከረጋ በኋላ ግን ቢያንስ 7 ቀን ውኃ መጠጣት አለበት። መምህሩ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር ታዲያ ማን ያጠጣው? የሰፈሩ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው መጡ። ብሎኬት መደርደር የማያውቁት ጎረቤቶች ውኃ መሸከም ያውቁ ነበር።

በሦስተኛው በጋ ጣራው ወጣ። ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳይነቅለው እንጨቱ ከመቀነቱ ተርፎ በወጣ ብረት ታሰረ። አባትየውም ከደጋ ወርደው፣ ቀርከሃ አስመጥተው ኮርኒሱን በእጃቸው ጎነጎኑ። ቆርቆሮን ዝናብ ሲመታው የሚሰማውን ጩኸት ቀርከሃው ያለዝበዋል፤ የቀትሩንም ሙቀት ይቀንሳል። መምህሩ በቦታው ላይ የነበሩትን እንሰትና ቡና ሳይነቅል ከቤቱ ጎን አስቀራቸው።

እንግዲህ ለሙያ መምህራንና ለሕንፃ ባለሙያዎች ከዚህ የሚገኝ ቁም ነገር አለ። አዲሱ ማቴሪያል አሮጌውን ዕውቀት ማባረር የለበትም፤ ጎረቤት የሚደርስበትን ሥራም ለይቶ መተው ይገባዋል። ግንቡ በግንበኛ ሒሳብ ይቆማል፤ ውኃው ግን ዛሬም በሰው ትከሻ ይደርሳል።