ቀዳዳው ከቫልቩ ሥር ሲሆን

ሳይክል ከምንነዳ ሰዎች መካከል ጎማ ያልተነፈሰበት የለም። እሾህ ወይም ሚስማር ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ከመነዳሪው ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ተፍቆ በማስቲሽ ይለጠፋል። ቀዳዳው አየር ማስገቢያው ቫልቭ ሥር ከሆነ ግን ጎሚስታው ራሱን ይነቀንቃል። እዚያ ላስቲኩ ወፍራምና ወጣ ገባ ስለሆነ ልጥፉ አጥብቆ አይይዝም።

ለምን እዚያ ይቀደዳል? አንዱ ዋና ምክንያት የአየር ማነስ ነው። አየሩ ያነሰ ጎማ ፍሬን በተያዘ ቁጥር በቸርኬው ላይ በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ ከመነዳሪውንም ይጎትታል። ቫልቩ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ተይዟልና አብሮ መሄድ አይችልም። መጀመሪያ ይዘማል፤ ሥሩ ይሳባል፤ ውሎ አድሮ ይቀደዳል። ሌላው ምክንያት አነፋፉ ነው። መንፊያውን በጥድፊያ የሚያወዛውዝ ሰው አየር እሞላለሁ ሲል ሥሩን ይጎዳዋል።

እናንተ ባለ ትዳሮች፣ ወደ ቤታችሁ ተመልከቱ። በትዳር ውስጥ አየር የሚገባበት አፍ የባልና ሚስት መነጋገርና አብሮ መጸለይ ነው ብዬ አምናለሁ። ማጣትና ሕመም እንደ እሾህ ናቸው፤ ይታያሉ፣ ዘመድም ቤተ ክርስቲያንም ይደርስላቸዋል። በባዶ አየር የሚሄድን ትዳር ግን ማን ያውቅለታል? አንዱ ወደ ሥራው፣ ሌላው ወደ አገልግሎቱ በጥቂት በጥቂቱ ይንሸራተታል። ቃል ኪዳኑ ስለያዛቸው አይለያዩም፤ መጎተቱ ግን በንግግራቸው ላይ ያርፋል። “ምሳ በላህ?” “እህ።” ይኸው ቫልቩ ዘመመ! ስጦታም ሆነ አዲስ ሶፋ ይህን አይለጥፈውም። እውነትም ብትሆን በቁጣ ስትነገር ሥሩን ትቀዳለች።

ቫልቩ መዝመሙን በጊዜ ያየ ሰው ግን ይደርስበታል። አየሩን ያስተነፍሳል፤ ጎማውን በእጁ መልሶ ቫልቩን ቀጥ ያደርጋል፤ ከዚያም ደግፎ ቀስ ብሎ ይነፋል። በእኛ ቤት ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፤ እኔና ባለቤቴ እየተያየን “ሳምንቱ እንዴት ነበር?” እንባባላለን፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልያለን። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጎማም ቢሆን የሚነፋው በየጊዜው ነው እንጂ አንድ ጊዜ ተነፍቶ ለዘላለም አይበቃም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሥሩ የተቀደደ ከመነዳሪ ተጥሎ በአዲስ ይተካል። የትዳር ጓደኛ ግን እንዲህ አይደለም፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ጎሚስታው “አይሆንም” ያለውን የሚያድስ ጌታ አለን። የእናንተ ተቀዶ ከሆነ ዝም አትበሉ፤ ወደ እርሱ ቅረቡ፤ የምታምኗቸውን የበሰሉ ባልና ሚስትም አማክሩ። ገና ዘምሞ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ!