ሳይቆፈር የሚታደስ ቧንቧ

በከተማ ለሚኖር ሰው ከእግሩ በታች ያለው ነገር ትዝ የሚለው ሲበላሽ ብቻ ነው። ውሃው ሲቋረጥ ወይም ፍሳሹ ወደ መንገድ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ዶማና አካፋ ይጠራል፤ በቅርቡ የተነጠፈው አስፋልት ይቆረጣል፤ ባለሱቁም ደጁ ተዘግቶበት ይሰነብታል። ይህን ደጋግሜ ስለማይ፣ መሬት ሳይቆፍሩ ቧንቧ የሚያድሱበት ዘዴ መኖሩን ባነበብሁ ጊዜ ነገሩን እስከ ሥሩ ለማወቅ ጓጓሁ። መሐንዲስ አይደለሁም፤ የተረዳሁትን ያህል ግን ለአንባቢዎቼ ላካፍል።

የተቀበረ ቧንቧ የሚያረጀው በብዙ ምክንያት ነው። መሬት ሲንቀሳቀስ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ የዛፍ ሥር እርጥበት ፍለጋ በስንጥቁ ይገባል፤ ብረቱም ይዝጋል። ከፍሳሽ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ በቧንቧው ጣሪያ ላይ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ምክንያት ወደ አሲድነት ይለወጥና ሲሚንቶውን ይበላዋል።

ሎንዶን ይህን ችግር ቀድመው ካዩት ከተሞች አንዷ ናት። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ከቴምዝ ወንዝ በተነሣው ክርፋት ከተጨነቀች በኋላ፣ በመሐንዲሱ በጆሴፍ ባዛልጄት መሪነት 132 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋና የፍሳሽ ቦይ በጡብ አሠራች። ዘመን እያለፈ ሲሄድ በከተማይቱ ሥር ያሉት ቦዮች አረጁ፤ ከላያቸው ግን ቤትና መንገድ ሞልቶ ነበር። በ1971 ኤሪክ ውድ የሚባል ሰው በሀክኒ ሰፈር መቶ ዓመት ያህል ከኖረ የጡብ ቦይ 70 ሜትር የሚሆነውን ሳይቆፍር አደሰ። በ1977ም ለዘዴው በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጠው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ቧንቧው ይጠረጋል፤ ውስጡም በካሜራ ይመረመራል፤ ፍሳሹ በፓምፕ ተስቦ በሌላ መንገድ እንዲያልፍ ይደረጋል። ከዚያ እንደ ባና የወፈረ ረጅም የጨርቅ ከረጢት በፈሳሽ ሙጫ ይነከርና፣ በማንሆሉ በኩል በውሃ ግፊት እንደ ካልሲ እየተገለበጠ ይገባል። በመገለበጡም ሙጫ የጠጣው ገጽ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ውሃው ሲሞቅ ሙጫው ይጠነክራል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በአሮጌው ቧንቧ ሆድ አዲስ ቧንቧ ይገኛል። ዛሬ በእንፋሎትና በአልትራቫዮሌት ብርሃንም ይሠራል። ስፋቱ ጥቂት ቢቀነስም ልሙጥ ስለ ሆነ ፍሳሹ በቀላሉ ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። አዲሱ ሽፋን ከየቤቱ የሚመጡትን ቧንቧዎች አፍ ሁሉ ይደፍናል። ሙጫው ከደረቀ በኋላ ከሩቅ የሚታዘዝ መቁረጫ ገብቶ በሥራ ላይ ያሉትን መክፈት አለበት። የት የት እንዳሉ የሚታወቀው ደግሞ በምርመራው ጊዜ ከተያዘው መዝገብ ነው። ከመዝገቡ አንድ መጋጠሚያ የተዘለለ እንደ ሆነ፣ የዚያ ቤት ፍሳሽ መውጫ አጥቶ ወደ ባለቤቱ ወለል ይመለሳል። እንግዲህ በቢሮ ጥግ ተቀምጦ ርቀትና ቁጥር የሚጽፈው ወጣት ሠራተኛ፣ ሥራው ትንሽ መስሎ ቢታየውም፣ የአንድን ቤተሰብ ጤና በእጁ ይዟል ማለት ነው።

ደግሞም ይህ ዘዴ ፈጽሞ ለፈረሰ ቧንቧ አይሆንም፤ ከረጢቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከሌለ ወደ ዶማው መመለስ ግድ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ከመቆፈር የሚያድነው ሙጫው ብቻ አይደለም፤ ቧንቧው የት እንደ ተቀበረ፣ መቼ እንደ ተቀበረና መቼ እንደ ታየ ጽፎ የሚያኖር ሰው ጭምር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ አሮጌ ካርታና መዝገብ እጃችሁ ሲገባ አቧራውን ጠርጉና በደኅና ቦታ አኑሩት።