በቤተሰብ የልብ ሕመም አለ?

ሐኪም ቤት በሚሞላው ቅጽ ላይ አንዲት አጭር ጥያቄ አለች፤ «በቤተሰብ የልብ ሕመም አለ?» የምትል። እኛ ከአበርገሌ የመጣን ተማሪዎች ብዕራችን የሚቆመው እዚህች ላይ ነው። የከተማ ልጅ «አባቴ ደም ብዛት አለበት» ብሎ ያልፋል። እኛስ ምን ብለን እንሙላ? በቆላው አገራችን ሰው ሲሞት «ውጋት ያዘውና ሳይነጋለት ቀረ» ይባላል። አንዱን ምች መታው፣ ሌላውን ቡዳ በላው፣ ሦስተኛውን ቀኑ ደረሰ ይሉታል። ውጋቱ ከልብ ይሁን ከሳንባ ማን መርምሮ!

ጥያቄዋ ግን የዋዛ አይደለችም። ልብን ራሱን በሚመግቡት ደም ቅዳ ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ስብ ለዓመታት ይጠራቀማል። አንድ ቀን የተጋገረው ስብ ይሰነጠቃል፤ ደም እዚያው ላይ ይረጋል፤ ሥሩ ይደፈናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የልብ ሥጋ ይሞታል። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እኅት ከ65 በፊት በዚህ ከታመሙ ለልጁም ያሠጋል። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ ኮሌስትሮልን ከልጅነት ጀምሮ ከፍ የሚያደርግ ዘረ-መል ይዞ ይወለዳል፤ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉም ግማሽ በግማሽ ነው። (እግረ መንገዳችንን፣ «ዘር» የሚለው ቃል አገር ባቃጠለበት ዘመን ሐኪሞች «ዘረ-መል» ማለታቸው ደግ አደረጉ።)

ውርስ ሁሉ ክፉ ነው ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ፒሲኤስኬ9 የተባለው ዘረ-መል አንዱ ቅጂው የማይሠራላቸው ጥቁር አሜሪካውያን መጥፎው ኮሌስትሮላቸው በ28 ከመቶ፣ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸውም በ88 ከመቶ ያነሰ ነበር። ዳሩ ግን የዓለም የዘረ-መል ምርምር አብዛኛው የአውሮፓ ተወላጆችን ያየ በመሆኑ፣ ከዚያ የተቀመረው ስሌት እኛ ዘንድ ሲደርስ ይስታል። የአበርገሌ ፍየል እንኳ ዝርያዋ ተለይቶ ተጠንቷል፤ የእረኛውን ልብ ማን ጠየቀ!

ነገሩ የዘር ብቻ ቢሆንማ እጃችንን አጣጥፈን በተቀመጥን። በ52 አገሮች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኢንተርሃርት የተባለ ጥናት፣ ሲጋራ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የሆድ ውፍረት፣ ጭንቀት የመሳሰሉ ዘጠኝ ነገሮች የአደጋውን 90 ከመቶ ያህል እንደሚያስረዱ ገልጿል። አባቶቻችን ማሽላ በልተው፣ ፍየል ተከትለው ተከዜ ወርደው ይወጡ ነበር። እኛ ከዶርም እስከ ካፌ ነን። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ሲጋራው!

የ1977ቱ ረሃብስ በየትኛው ይገባል? ዋግ ሲራብ በማኅፀን የነበሩት ዛሬ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከመካከላቸው ወላጆቻችን አሉ። በሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ረሃብ ገና ሲፀነሱ ያገኛቸው ልጆች ካደጉ በኋላ ከእኩዮቻቸው ይልቅ በዚህ የልብ ሕመም ተጠቅተው ተገኝተዋል። በዘር ያልመጣ፣ ግን ከእናት የተወረሰ ዕዳ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ሐኪምነት የሚማረው የደም ግፊት መለኪያ ይዞ አገር ገባ። የ77 ልጅ የሆኑትን አጎቱን «ክንድዎን ይስጡኝ» ቢላቸው «ሳያመኝ ምኑን ትለካዋለህ?» አሉት። 168 በ102። ዝም ብለው ቁጥሩን አዩና እጅጌያቸውን እያወረዱ «እስቲ ያንተን ለካ» አሉት።